የዋንዛ በር ጣት

አገራችን ስም የላትም። ስም የሚያስፈልገው ከሌላ ጋር ለሚምታታ ነው፤ እሷን ከማን ጋር ታምታታላችሁ? ጎረቤቶቻችን ስም አላቸው፤ አንዳንዶቹም ንጉሥ በተቀየረ ቁጥር ይቀይሩታል። እኛ ግን «አገራችን» ስንል ተራራው ሳይቀር ወደ እኛ ዞሮ ያያል። ይህን የምናገረው ለመመካት አይደለም። እውነቱ ራሱ ትምክህት ቢመስል ጥፋቱ የእውነቱ ነው።

ከሚያኮሩን ነገሮች ሁሉ ፊተኛው የጣት ችሎት ነው። በሌላው ዓለም ምስክር በአፉ ይመሰክራል። በእኛም ዘንድ ድሮ እንዲያ ነበር አሉ። ስማቸውን በአክብሮት የረሳነው አንድ ንጉሥ ግን፣ በአንድ በሬ ጉዳይ አርባ ምስክር ሰምተው አርባ ዓይነት በሬ ስላገኙ ተቆጡና «ምላስ አጥንት የላትም፤ ጣት ግን ሦስት አጥንት አላት። ከእንግዲህ የምንሰማው አጥንት ያለውን ነው» ብለው አወጁ። ከዚያ ወዲህ ዳኛ ይጠይቃል፣ ጣት ያመለክታል፣ ጸሐፊ ጣቱ ያረፈበትን ይመዘግባል። አፍ የሚለው እንደ ወፍ ጫጫታ ነው፤ ጆሮ ደስ ይለዋል እንጂ አይመዘገብም።

ሥርዓቱም የረቀቀ ነው። በባዶ እግሩ ችሎት ፊት የቀረበ ሰው ራቁቱን እንደመጣ ይቆጠራል። ዳኛ ከሦስት ጥያቄ በላይ አይጠይቅም፤ ለሦስተኛው ጥያቄ ጣቱ ያሳየው ፍርድ ይሆናል። ይህን ሦስት የሚለውን ያስወሰኑት የጥላዎች አዛዥ ናቸው። ፊት እስከ ሠላሳ ድረስ ይጠየቅ ነበርና፣ ብዙ ጥያቄ ብዙ ፀሐይ ያመጣል ብለው አስቀሩት። የጥላዎች አዛዥ በአገራችን ከንጉሡ ቀጥለው ያሉ ሹም ናቸው። ሰባት ጥላ ይያዝላቸዋል፤ ፀሐይ አንዲት ብቻ መሆኗን እስከ ዛሬ ማንም ደፍሮ አልነገራቸውም።

እያንዳንዱ መንደር ደግሞ አንድ የታመነ ጣት አለው። ያን ጣት የተሸከመው ሰው ባለጣት ይባላል። ባለጣቱ እስኪሞት ድረስ ስለ መንደሩ ወሰን ሌላ ጣት አይነሣም፤ ቢነሣም አይታይም። ዳኞቻችን የሚታየውን አለማየት ሰባት ዓመት ይማራሉ።

የዋንዛ በር ባለጣት የውብዳር የምትባል አሮጊት ነበረች። አባቷም ባለጣት ነበር። የመንደሩን ሰባት የወሰን ድንጋዮች ክረምት በወጣ ቁጥር እየዞረች ስታመለክት ሃምሳ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ስድስቱ ድንጋዮች ጭንጫ ላይ ናቸውና ማንም አይመኛቸውም። መካከለኛው ግን ከገበያ በሚመጣው መንገድ ላይ፣ ከዋንዛው ምንጭ ወዲያ ማዶ ነበረ። ከድንጋዩ ወዲያ የጥላዎች አዛዥ ርስት ነው፤ ከድንጋዩ ወዲህ ምንጩና መንደሩ። የዋንዛ በር ሰዎች ከገበያ ሲመለሱ ጫማቸውን በዚያ ድንጋይ ላይ አውልቀው ይገባሉ፤ ሲወጡ አንሥተው ያጠልቃሉ። «ጫማ ለሰው መሬት ነው» ይላሉ። ያልታወጀ ልማድ ስለሆነ እኛ ልማድ አንለውም።

ከሦስት ዓመት በፊት መንግሥታችን ለወሰን ያለውን ክብር ለማሳየት በዋናው ከተማ የወሰን ሐውልት ሊያቆም አሰበ። ለሐውልቱ የሚሆን ድንጋይ ቢፈለግ ከወሰን ድንጋይ የበለጠ ተገቢ አልተገኘም። ከየመንደሩ ተነቅሎ ተጓዘ። ሐውልቱ ዛሬም ቆሞ አለ፤ ያላየ ሰው ወሰን ምን እንደሆነ አያውቅም። ድንጋዩ በተነሣ በሳምንቱ የጥላዎች አዛዥ «መካከለኛው ድንጋይ የነበረው ከምንጩ ወዲህ፣ ከመንደሩ ጥግ ነው» አሉና ምንጩን በአጥር ከለሉት። የዋንዛ በር ሴቶችም የግማሽ ቀን መንገድ ሄደው ከወንዝ መቅዳት ጀመሩ። መንደሩም ለጣት ችሎት አቤት አለ።

በዚያው ዓመት የውብዳር ቀኝ እጅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሕያው ወፍ የጨበጠች ይመስል ነበር።

በአገራችን የሚንቀጠቀጥ ጣት እንደ ሁለት ምስክር ይቆጠራል፤ ያውም እርስ በርሳቸው የማይስማሙ። የውብዳር በመጀመሪያው ቀጠሮ ቀርባ ጣቷን ብታነሣ፣ አንድ ጊዜ ማዶውን አንድ ጊዜ የዳኛውን ጢም አመለከተች። ጸሐፊው ሁለቱንም መዘገበ። ዳኛውም፣ ጢማቸው ወሰን አለመሆኑን በጥሞና ካጣሩ በኋላ፣ «እጇ ይርጋና ትምጣ» ብለው ቀጠሩ።

እጅ የሚረጋው በእርጋታ ቤት ነው። የቤቱ አለቃ ሊቀ ሽቦ ይባላሉ። ከፈረስ ጭራ የቀጠነ ሽቦ በራስ ቅል ውስጥ ሰድደው የሚንቀጠቀጠውን እጅ ያሳርፋሉ። ቀዳዳዋ ምስር ታህላለች። ሽቦው በጆሮ ግንድ በኩል ከቆዳ ሥር ወርዶ፣ ከትከሻ በታች ከተቀበረች የክብሪት ቀፎ ከምታህል ሣጥን ጋር ይገናኛል። በሣጥኗ ውስጥ መብረቅ አለ፤ ሥነ ሥርዓት የተማረ መብረቅ ነው። ኃይሉ ከአንድ እስከ ዘጠኝ በእርከን ይለካል፤ ቁልፉ ከሊቀ ሽቦ አንገት አይወርድም። ሌሎች አገሮችም ይህንኑ ያደርጋሉ ይባላል። እነሱ ግን የሚያደርጉት የታመመን ለማዳን ብቻ ነው።

የዋንዛ በር ሰዎች ባለጣታቸውን በቃሬዛ ግማሽ ቀን ተሸክመው አመጧት። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ቢያድግልኝ የሚባል የእድሜ እኩያዋ ነበር። በወጣትነቱ ለጋብቻ ጠይቋት እንቢ ብላዋለች፤ እሱም ከዚያ ወዲህ አጥሯ አጠገብ ቤት ሠርቶ ሲያኮርፍ ኖሯል።

ሥራው ሲሠራ በሽተኛ አይተኛም። ሽቦው የት እንደደረሰ የሚያስታውቀው የበሽተኛው ወሬ ነውና ማውራት አለበት። ምን እንደሚያወራም በደንብ ተወስኗል፤ ዘጠኙን የአገር ውዳሴ ያነበንባል። ተከራካሪ ወገንም መገኘት ይችላልና የጥላዎች አዛዥ ከነሰባቱ ጥላቸው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ቤቱ ጣሪያ ያለው ቢሆንም ጥላዎቹ አልታጠፉም።

የውብዳር ጀመረች። «ተራሮቿ ረጃጅሞች፣ ሹሞቿ ከተራሮቿ የሚረዝሙ...»

«አንድ» አሉ ሊቀ ሽቦ፣ ቁልፉን ዘወር አድርገው። እጇ ይንቀጠቀጣል። «ሁለት።» ይንቀጠቀጣል። «ሦስት።» ቀዝቀዝ አለ። «አራት።»

እጇ ጸጥ አለ።  ሊቀ ሽቦ እስከ አፉ የሞላ ዋንጫ ሰጧት፤ አንዲት ጠብታ ሳትፈስስ ጠጣችው። እጇን ገልብጣ አየችና ፈገግ አለች።

«መንደርሽ የት ነው?» አሏት።

«እንጃ ልጄ። ሩቅ ነው መሰለኝ።»

«ምንጩስ?»

«የምን ምንጭ?»

የጥላዎች አዛዥ ጢማቸውን አሻሹ። ሊቀ ሽቦ ግን የሚያውቁትን እስከ መጨረሻው ማወቅ የሚወዱ ሰው ናቸውና፣ ዋንጫውን እንደገና ሞልተው አስያዟትና ቁልፉን ወደ ላይ ዘወሩት። አምስት ላይ ድንጋዩን አስታወሰች፣ አባቷን አላስታወሰችም፤ ጣቷ መርገብገብ ጀመረ። ስድስት ላይ አባቷን አስታወሰች፤ እጇም ተንቀጠቀጠ። ሰባት ሲደርሱ ዋንጫው ከእጇ አምልጦ በሊቀ ሽቦ ካባ ላይ ተደፋ፤ የውብዳርም ዐይኖቿን ጨፍና እንዲህ አለች፦

«ጥርሴ ተነቃንቋል። በምላሴ እየገፋሁት ነው። አባቴ መካከለኛው ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ጆሮዬን ቆነጠጠኝ፤ ‹ይኸ እንዳይጠፋሽ› አለኝ። ድንጋዩ በስተግራ ጉብታ አለው፤ ጭኔን ይወጋኛል። አንድ ሰው በገበያው መንገድ እየመጣ ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። የተሰነጠቀ ቅል ይዟል። ጫማው አንድ እግር ብቻ ነው። ‹አጠጡኝ› አለ። አባቴ ‹አውልቅና ግባ› አለው። ያቺኑ አንዷን አውልቆ እኔ አጠገብ አስቀመጣት። ሲጠጣ ጉሮሮው ይሰማኛል። ማን እንደሆነ ተጠየቀና ስሙን ነገረን።» ዐይኖቿን ገልጣ ወደ ጥላዎቹ ዞረች። «የእርስዎ አያት ናቸው ጌታው።»

ሰባቱ ጥላዎች በአንድ ጊዜ ተወዛወዙ።

«ይህች ሴትዮ ታማለች» አሉ የጥላዎች አዛዥ።

«አዎን ጌታዬ» አሉ ሊቀ ሽቦ፣ ካባቸውን እያራገፉ፣ «ለዚህ ነው የመጣችው።»

ነገሩ እንግዲህ ይህ ነበር። እጇ ሲረጋ ወሰኑ ከራሷ ይጠፋል፤ ወሰኑ ሲመጣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ሽቦው አንድ ነው፣ ቁልፉም አንድ። ሕጉ ደግሞ የሚያየው እጅ ነው። ስለዚህ ሊቀ ሽቦ በመዝገባቸው ላይ «አራት ላይ ድናለች» ብለው ጻፉ። በችሎቱ ዕለት ጠዋት ቁልፉ አራት ላይ እንዲውል፣ ከዚያም ፍርዱ እስኪያልቅ የመንደሯ ሰው ከእሷ አርባ ክንድ እንዲርቅ ታዘዘ። እስከዚያው ግን፣ በደግነት፣ ሰባት ላይ ተዉላት።

በዋዜማው ከሰዓት ቢያድግልኝ ከእርጋታ ቤት ደጃፍ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ነገ እኔንም ትረሽኛለሽ ማለት ነው» አላት።

«አንተንማ ሃምሳ ዓመት ልረሳህ ሞክሬ ነበር። ሽቦ መኖሩን ማን ነግሮኝ።»

«ቀልዱን ተዪው አንቺ። ጣትሽ ካልተነሣ ምንጩ ሄደ። ምንጩ ከሄደ መንደሩ ተከትሎት ይሄዳል። የጎረቤታችን የመኮንን ልጆች ቤታቸውን አፍርሰው እንጨቱን እየሸጡ ነው፤ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። ዛሬ የማልሰማው የለም።»

«ታዲያ ምን ተይዞ ጉዞ?»

«ጫማ» አለችው።

«ምን?»

«ነገ ጫማዬን እንዲያጠልቁልኝ አድርግ። እኔ የምረሳ ነኝና አንተ አትርሳ። በባዶ እግሬ እንዳይወስዱኝ።»

«ችሎት በባዶ እግር እንደማይቀረብማ ማንም ያውቃል። እኔ የምልሽ ሌላ፣ አንቺ የምትዪኝ ሌላ።»

የውብዳር ሁለት እግሮቿን ወደ ፀሐይ ዘረጋች። «ሊቀ ሽቦ የበሱት ራሴን ነው» አለች። «እግሬን ማን ነካው?»

ቢያድግልኝ በሽታው ነው ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ጫማውን ግን አልረሳም።

በማግስቱ ችሎቱ ከምንጩ አጠገብ፣ ከዋንዛው ሥር ተዘረጋ። ዳኛው ከፍ ባለ በርጩማ ተቀመጡ፤ ጸሐፊው በእግራቸው ሥር። የጥላዎች አዛዥ ከሰባቱ ጥላዎች ሥር ሆነው፣ ሰውነታቸው ሳይቀር ማታ መስሎ ነበር። የመንደሩ ሰዎች በመንደሩ በኩል አርባ ክንድ ተለክቶላቸው ቆመዋል።

የውብዳር ከማዶ፣ በገበያው መንገድ፣ በሁለት ዘበኞች መካከል መጣች። አራት ላይ ናት። ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም፤ ግን አየሩ ተስማምቷት ዘና ብላ ትራመዳለች። እጇ እንደ ማንም እጅ ከጎኗ ተንጠልጥሏል። ማንም ሰው ልዩ ነገር ሊያይበት ከማይችል ገለባማ ሜዳ ላይ ስትደርስ ቆመች። የቀኝ ጫማዋን አወለቀች። የግራዋን አወለቀች። ሁለቱን ጎን ለጎን፣ አፋቸውን ወደ ገበያ አዙራ አስቀመጠችና በባዶ እግሯ መንገዷን ቀጠለች። ዘበኞቹ አልከለከሏትም። ጫማ ስለማውለቅ በመመሪያቸው ላይ የተጻፈ አልነበረም፤ የእኛ ዘበኞች ያልተጻፈ ነገር አያዩም።

ከዳኛው ፊት አስቀመጧት።

«የዋንዛ በር ባለጣት» አሉ ዳኛው፣ «የመንደርሽ መካከለኛ ወሰን የት ነው?»

«የምን ወሰን ልጄ?» አለች። ጸሐፊው የወፍ ጫጫታ ስለሆነ አልመዘገበም። ጣቷ ከጭኗ አልተነሣም።

ዳኛው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንኑ ደገሙት።

«ምነው ትጮኻለህ? እሰማለሁ እኮ» አለቻቸው። ጣቷ ከጭኗ አልተነሣም።

ሁለት ጥያቄ አለቀ። በሦስተኛው ጣት ካልተነሣ ምንጩ ለጥላዎች አዛዥ ይጸናል። ከጥላ ያዦቹ አንዱ ለመሄድ ጥላውን ማጠፍ ጀመረ። ቢያድግልኝ በአርባ ክንድ ላይ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ።

ዳኛው ለሦስተኛው ጥያቄ ጉሮሯቸውን ጠረጉና አንገታቸውን ደፋ አደረጉ። በዚያን ጊዜ እግሯን አዩ። ሰባት ዓመት የተማሩት አለማየት አልረዳቸውም። አቧራ የለበሰ ባዶ እግር፣ በጣት ችሎት ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ። ፊታቸው ቀላ። ዳኛችን ለችሎቱ ክብር ነፍሳቸውን የሚሰጡ ሰው ናቸው።

«ጫማሽ የት ነው?» አሉ።

የውብዳር እጇን አነሣች። ሦስት ዓመት ወፍ የጨበጠ ይመስል የነበረው እጅ እንደ ወጋግራ ቀጥ አለ። ጣቷ ከዳኛው ትከሻ በላይ፣ ከምንጩ በላይ አልፎ፣ ከማዶው ገለባ ላይ አረፈ።

«ያውልህ» አለች። «ከዚያ ወዲህ በጫማ ይገባል እንዴ?»

የአፏን ማንም አልመዘገበውም። ጸሐፊው ግን ጣቷን ተከትሎ አየ፣ ቀለም አጠቀሰ፣ ጻፈ።



«የጫማ ጥያቄ እኮ ነው የጠየቋት» አሉ የጥላዎች አዛዥ።

«ሦስተኛ ጥያቄ ነው የጠየቅኋት፣ ጌታዬ» አሉ ዳኛው። እሳቸውም ያደረጉት ገና እየገባቸው ነበር፤ ዳኛ ግን ያደረገውን ይከተላል እንጂ አይቀድመውም።

«እንግዲያው አሁን ስለ ወሰኑ ይጠይቋት።»

«አራተኛ ጥያቄ የሚባል ነገር የለም። ሕጉ የእርስዎ ነው።»

«አንዲት አሮጊት ጫማዋን በጣለችበት...»

«አልጣለችውም» አለ ጸሐፊው። በጸሐፊነቱ ዘመን ሁሉ ሲናገር የተሰማው ያን ቀን ብቻ ነው። «ጎን ለጎን አድርጋ ነው ያስቀመጠችው።»

ሄደው አዩ። ከጫማዎቹ ሥር ክብ ጉድጓድ ነበረ፤ የሦስት ዓመት ደለል ሞልቶት ሣር በቅሎበታል። በስተግራው የጉብታ ቅርጽ አለ። ጉድጓድ ጣት ስላልሆነ አልተመዘገበም። ምንጩ ግን ለዋንዛ በር ተፈረደ፤ አጥሩም በዚያው ቀን ፈረሰ።

አገራችን ከሆነው ነገር የምትማር አገር ናት። ከዚያ ወዲህ ወደ ችሎት የሚመጣ ሰው ሁሉ ጫማው ከእግሩ እንዳይወጣ በሰባት ቋጠሮ እንዲታሰር ታወጀ። የጥላዎች አዛዥም የቋጠሮዎች ዋና ተቆጣጣሪ ተብለው ተጨማሪ ሹመት አገኙ። ሊቀ ሽቦ በዋናው ከተማ፣ ከወሰን ሐውልቱ አጠገብ፣ «ሽቦአችን ወሰን ያገኛል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጥንድ የድንጋይ ጫማ አቆሙ። ለዚያ የሚሆነው ድንጋይ ከየት እንደመጣ አልጠየቅንም።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ከፍርድ በኋላ ሣጥኗ በአንድ እርከን ለዘላለም ትቆለፋለች፤ እርከኑን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው። ሊቀ ሽቦ የውብዳርን መጀመሪያ አራት ላይ ጠየቋት። «እዚሁ ደስ ይለኛል፤ ምንም አያሳስበኝም» አለች። በሕጉ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ስለሚገባ ቁልፉን ወደ ሰባት ዘወሩና ደግመው ጠየቋት። የመጨረሻው ቃል የሚጸናው ነው።

«አስቢበት» አሏት። ያን ቀን እውነተኛ ሐኪም ነበሩ፤ በጎውን ሁሉ ነገሯት። «አራት ላይ በመርፌ ክር ታስገቢያለሽ። ሾርባ ሳታፈሺ ትጠጫለሽ። የልጅ ልጅሽን ፀጉር ትሠሪያለሽ።»

«የማን ልጅ እንደሆነች ሳላውቅ» አለች። እጇ ጭኗ ላይ ይርገበገብ ነበር። «አራት ላይ እንግዳ ነኝ ጌታው። ደግ ሰዎች ያስተናግዱኛል፣ ማንነታቸውን ግን አላውቅም። እዚሁ ይቆልፉት።»

ቆለፉት።

እማማ የውብዳር በገበያው መንገድ ወደ ዋንዛ በር ተመለሱ። ከጉድጓዱ ዘንድ ሲደርሱ ጫማቸውን ለማውለቅ ጎንበስ አሉ፤ እጃቸው እምቢ እያለ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ቢያድግልኝ ሊያግዛቸው ቢል «ተወኝ፣ ዛሬ አውቄ ነው የማወልቀው» አሉት። ከምንጩ ዳር ሲደርሱ ቅል ሞልቶ ሰጣቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡ። ግማሹ በአገጫቸው፣ በቀሚሳቸው፣ በእግራቸው ላይ ወረደ።

«አፈሰስሽው እኮ» አላቸው።

«የት እንደፈሰሰ እይ» አሉት።

ቢያድግልኝ ጎንበስ ብሎ አየ። ውኃው በባዶ እግራቸው ዙሪያ፣ በዋንዛ በር አፈር ላይ ነበረ፤ አፈሩም እየጠጣው ነበር።  ቅሉን ተቀበለና ደግሞ ሞላው።